ይሄ መጽሐፍ በኪሎ ስንት ነው?

ይሄውላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነበርን። ምናለሽ ተራን የማያውቅ አንባቢ ካለ (ይኖራል ብለን ባናምንም) ቆራሌው ከየሰፈሩ ለቃቅሞ ያመጣው ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጠርሙሱ፣ ጀሪካኑ፣ ቆርቆሮው፣ ድምፁ የጠፋው ሬዲዮ… ወረቀትም አለ። ወረቀት እዚያ በኪሎ ነው። የፊዚክስ ደብተር ይሁን የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ የሠርግ ጥሪ ይሁን የፍቅር ደብዳቤ፣ ሚዛኑ አያዳላም። ተመዝኖ ቅመምና ቆሎ ሊጠቀለልበት ይሄዳል።

የሄድነው ጋሼን ልንጠይቅ ነበር። ስማቸውን አንጽፍም፣ ጋሼ ይበቃል። ወረቀት በኪሎ ይገዛሉ፣ በኪሎ ይሸጣሉ። የተዋወቅነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከእኛ አንዷ የመመረቂያ ጽሑፏን ስትሠራ መጠይቅ ይዛ ፊታቸው ተገትራ ነበር። (ወደዚህ መጠይቅ እንመለሳለን። ወደን ግን አይደለም።)

እና ከወረቀቱ ክምር ውስጥ፣ በስልክ ማውጫና በአሮጌ የፈተና ወረቀት መካከል፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አየን። ብድግ አድርገን አቧራውን ጠረግነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ “ትውፊትና ለውጥ በኢትዮጵያ” እንደማለት ነው። ጸሐፊው ሬይዱልፍ ሞልቬር የተባሉ ኖርዌያዊ፣ አሳታሚው ብሪል፣ ከተማው ላይደን፣ አገሩ ሆላንድ፣ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1980። ጉዳዩስ? እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ እስከ 1974 የተጻፉ የአማርኛ ልቦለዶች ስለ ማኅበራዊና ባህላዊ ኑሯችን ምን እንደሚናገሩ የሚመረምር ጥናት!

“ምን ይላል?” አሉ ጋሼ።

“ስለ አማርኛ ልቦለዶች ነው፣ ጋሼ። እነ ፍቅር እስከ መቃብር…”

ጋሼ ሚዛኑን ተዉት። ፍቅር እስከ መቃብርን መጀመሪያ የሰሙት ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው፣ ተቀጥረው ይሠሩበት በነበረ ሱቅ። ትረካው ሲጀምር ገበያተኛ ቢመጣ እንኳ አሠሪያቸው “ትንሽ ቆይ” ይሉት ነበር አሉን። (የመርካቶ ነጋዴ ገበያተኛን “ቆይ” ሲል አስቡት!) መጽሐፉን በኋላ ተውሰው ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ከዚያማ ምን እንበላችሁ! ፊታውራሪ መሸሻ ክፉ ናቸው ወይስ ዘመናቸው ያሳወራቸው ሰው? ጉዱ ካሣ እውነቱን ቢናገርም ለምን የሚሰማው አጣ? እኛ ለፈተና ብለን ካነበብነው የሚልቅ ትንታኔ እዚያው ቆመን ሰማን። ተከራከርናቸው፣ ተሸነፍን።

“እና ይሄን ማን ጻፈው?”

“የኖርዌይ ሰው።”

“የት ታተመ?”

“ሆላንድ።”

“በምን ቋንቋ?”

“በእንግሊዝኛ።”

ጋሼ መጽሐፉን አገላብጠው አዩት። “ስለኛ ነው፣ ለኛ ግን አይደለም በሉኛ!” አሉ።

ይህን ብለው ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። አላቆሙም። ወደ ባለ መጠይቋ ጓደኛችን ዞር ብለው፣ “ያንቺስ ልጄ? ያ ስትጠይቂኝ የዋልሽው የት ደረሰ?”

ጸጥ አልን።

የት እንደደረሰ እንንገራችሁ። ጥናቱ የመርካቶ ነጋዴ የአማርኛ የሬዲዮ ትረካ እንዴት እንደሚያዳምጥ ነበር። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጀ። ወደ አማርኛ ተተረጎመ። ጋሼ በአማርኛ መለሱ። መልሳቸው ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ታረመ፣ ተጠረዘ፣ ኤ ተሰጠው፣ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ጋሼ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስም የላቸውም፣ “ሪስፖንደንት 14” ናቸው። ስለ አማርኛ ትረካ፣ አማርኛ ተናጋሪ ጠይቃ፣ አማርኛ ተናጋሪ የሆነች ልጅ፣ አማርኛ ተናጋሪ ለሆነ አማካሪ የጻፈችው ጽሑፍ አንድ አረፍተ ነገር አማርኛ የለውም። ያስገደዳት የለም ብንላችሁስ? “በእንግሊዝኛ ሲሆን ክብደት አለው” ብላ ነው። ሁላችንም ብለናል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ በማን ላይ እንደተነሣ ከወዲሁ ይታወቅ። በኖርዌያዊው ላይ አይደለም። እሳቸው ምን በደሉ? ቋንቋችንን ተምረው፣ ልቦለዶቻችንን አንብበው፣ ለወገኖቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ጻፉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን እንጂ ጥያቄው ለእኛ ነው።

እስቲ መደርደሪያውን እንየው። ስለ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ሲነሣ ከሚጠቀሱት ትልልቅ ሥራዎች አንዱ የቶማስ ኬን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመን፣ ቪስባደን ታተመ፣ በእንግሊዝኛ። ሁለተኛው ይኼው የላይደኑ ነው። እኚሁ ሞልቬር የደራሲዎቻችንን የሕይወት ታሪክ ሰብስበው “ጥቁር አንበሶች” ብለው እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙ፣ አሜሪካ፣ በእንግሊዝኛ። የአገራችንን ታሪክ፣ ቋንቋና ባህል ከሀ እስከ ፐ የሚዘረዝረው ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ ወጣ፣ ሐምቡርግ ተዘጋጅቶ፣ ቪስባደን ታትሞ፣ በእንግሊዝኛ።

“ፈረንጅ ነዋ!” እንዳትሉ። የራሳችን ሊቃውንትስ? ባሕሩ ዘውዴ የሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ምሁራኖቻችንን፣ እነ ገብረሕይወት ባይከዳኝን፣ ያጠኑበት ግሩም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው በእንግሊዝኛ ነው። እነዚያ ምሁራን ግን ሕዝባቸው እንዲነቃ ብለው የጻፉት በአማርኛ ነበር። ፈቃደ አዘዘ ገበሬው ስለ ድርቅና ስለ ረሃብ የገጠመውን ቃል ግጥም ሰብስበው ያጠኑበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጣ። የእንግሊዝኛ ርእሱ ሲተረጎም “ያልተሰሙ ድምፆች” ይሆናል። እውነትም! ገበሬው የገጠመውን ተሰማለት፣ ስለ ግጥሙ የተባለውን ግን እሱ አልሰማም።

ሁለቱም ሥራዎች ክብር ይገባቸዋል፣ ባርኔጣ እናነሣለን። ግን ባርኔጣ አንሥተን ስናበቃ ጋሼ አሁንም ምናለሽ ተራ ቆመዋል።

ይህ ነገር የትናንት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ጀርመናዊ አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ካህን አገኘ። ሉዶልፍ ደግሞ (ወደ ሆላንድ እየጎተተን ነው መሰል) ላይደን ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነው። አባ ጎርጎርዮስ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን ድረስ ሄደው አስተማሩት፣ ግዕዙን፣ አማርኛውን፣ ታሪኩን፣ ወጉን። ሉዶልፍ በላቲን ጻፈ፣ ፍራንክፈርት አሳተመ፣ “የኢትዮጵያ ጥናት አባት” ተባለ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እ.ኤ.አ. በ1658 መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። የተማሪያቸው የኢትዮጵያ ታሪክ የታተመው ከዚያ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሉዶልፍ መምህሩን በስም አመስግኗል፣ ይህን አንክድም። ሥርዓቱ ግን ያኔ ተተከለ። እኛ እንናገራለን፣ ሌላ ይጽፋል፣ ሌላ አገር ይታተማል፣ ሌላ ሰው ያነበዋል። ያኔ አባ ጎርጎርዮስ፣ ዛሬ ሪስፖንደንት 14። ልዩነቱ ዛሬ ሉዶልፍ የሆነው ከእኛው መሐል ያለ መሆኑ ነው።

አሁን እስቲ ያቺን ሆላንድን እንያት። ለእኛ ሆላንድ ማለት አበባ፣ አይብ እና ኳስ ነው። ከነአበባው ደግሞ የምንገበያያት ናት፣ ጽጌረዳችን በአውሮፕላን ወደዚያው ይሄዳል። (ጽጌረዳ ስንልክ ዶላር ይመጣል። ልቦለዶቻችንን ስንልክ ግን የሚመጣው ልንገዛው የማንችለው መጽሐፍ ነው፣ የብሪል አዲስ መጽሐፍ ከመቶ ዩሮ ማለፉ ዛሬ የተለመደ ነው።) ቋንቋቸውን ቤልጂየም ያሉትን ጨምሮ የሚናገረው ወደ 24 ሚሊዮን ሰው ገደማ ነው። በእኛ የ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አማርኛ አፍ መፍቻው የሆነ ከ21 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተቆጥሯል። ይህ በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረውንና ከዚያ ወዲህ የተወለደውን ሳይጨምር ነው። ስለዚህ “እነሱ ብዙ ናቸው” የሚለው አይሠራም።

ታዲያ እነሱ ስለ ራሳቸው ሥነ ጽሑፍና ባህል ጥናት ሲጽፉ በምን ይጽፋሉ? የላይደኑ ፕሮፌሰር ዮሐን ኸይዚንኻ ስለ መካከለኛው ዘመን ማብቂያ የባህል ታሪክ የጻፈውንና ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1919 ያወጣው በሆላንድኛ ነው። እንግሊዝኛው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1924 ነው። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ለጎረቤቱ፣ ቀጥሎ ለዓለም! ለጎረቤት መጻፉ ዓለምን አላሳጣውም። ፍሪትስ ፋን ኦስትሮም የተባለ ምሁር ደግሞ ስለ አንድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ የጻፈው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ከአገሪቱ ትልልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች አንዱን፣ ልቦለዶች የሚፎካከሩበትን የአኮ ሽልማት፣ ወሰደ። የፕሮፌሰር ጥናት ከልቦለድ ጋር ተሰልፎ ሲያሸንፍ አስቡት!

አላበቃም። ሆላንድና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ1980 በመንግሥታት ስምምነት የቋንቋ ኅብረት አቋቁመዋል። በዚሁ ኅብረት ድጋፍ የሥነ ጽሑፋቸው ሙሉ ታሪክ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በተከታታይ ትልልቅ ቅጾች ታተመ፣ በራሳቸው ቋንቋ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ደግሞ የድሮ መጻሕፍታቸውንና ስለ እነሱ የተጻፉ ጥናቶችን ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚያስነብብ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ገነት ናት እያልን አይደለም። እዚያም “ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእንግሊዝኛ ተጥለቀለቁ” እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ቁም ነገሩ መጨቃጨቃቸው ነው። እኛ ግን እንግሊዝኛው እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስል ዝም ብለናል።

አሁን መልሶቹ ይመጣሉ። እናውቃቸዋለን፣ እኛም ስንላቸው ኖረናል።

“አማርኛ ለጥናት ቃል የለውም።” ጥሩ። መርካቶ የሚለው ቃል የማን ነው? የጣሊያንኛ! ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንሥቶ እዚህ ሲያመጣው ያወጣለት ስም ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ቃሉን ነጋዴው ወረሰው፣ ዛሬ መርካቶ ከሚለው በላይ አዲስ አበቤ የሆነ ቃል ፈልጋችሁ አምጡ። ነጋዴው ፈቃድ አልጠየቀም፣ ዐውደ ጥናትም አላዘጋጀም፣ ተጠቀመበት፣ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ1908 አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ሮም ላይ “ልብ ወለድ ታሪክ” የሚል መጽሐፍ ሲያሳትሙ ቃሉ እንግዳ ነበር፣ ዛሬ “ልቦለድ” ሲባል የማይገባው ተማሪ የለም። ቃል የሚገኘው ሲጻፍበት ነው። ሰምና ወርቅ ለይቶ ቅኔ የሚፈታ ቋንቋ ልቦለድ መተንተን ያቅተዋል ማለት የቋንቋውን ሳይሆን የእኛን ስንፍና መናገር ነው።

“ሰው አያነብም።” ማን ነው ሰው? ጋሼ ሁለት ጊዜ አንብበዋል። የእርስዎ ጥናት ያልተነበበው ሰው ስለማያነብ ነው ወይስ ሰው በማያነበው ቋንቋ፣ በማይደርስበት መደርደሪያ ስላስቀመጡት? ሥጋውን ቆጥ ላይ ሰቅሎ “ውሻው አይበላም” ማለት ደግ አይደለም። የባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ ወደ አማርኛ ተመልሶ ሲታተም የታሪክ ተማሪ ያልሆነ ሁሉ ይዞት ሲዞር አይተናል። ዘሪሁን አስፋው “የሥነ ጽሑፍ መሠረታውያን”ን፣ ብርሃኑ ገበየሁ “የአማርኛ ሥነ ግጥም”ን በአማርኛ ሲጽፉ ትውልድ ተማረባቸው፣ የእኛም ጥራዞች ከማስመር ብዛት ገጻቸው አልቋል። እንዲህ ዓይነቶቹ አሉ፣ እናከብራቸዋለን። የምንጮኸው ለምን በጣት ተቆጠሩ ብለን ነው።

“እድገት የሚሰጠው በውጭ ጆርናል ነው።” ይህኛው እውነት አለው። መምህሩም ልጆች ያሳድጋል፣ የቤት ኪራይ ይከፍላል። ግን ማን ተዉት አለ? በእንግሊዝኛም ይጻፉ፣ ዓለም ይስማችሁ፣ እኛም እንኮራለን። ብቻ ኸይዚንኻን አስታውሱ፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

“አማርኛ ብቻ ነው እንዴ የዚህ አገር ቋንቋ?” አይደለም! መርካቶ ቆሞ ይህን የሚክድ ጆሮ የለውም። ጉራግኛው፣ ስልጥኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው አንድ መንገድ ላይ ነው የሚሰማው። የኦሮምኛ ቃል ግጥም ጥናት ኦሮምኛ ተናጋሪው በሚያነበው ኦሮምኛ ይጻፍ፣ የስልጥኛው ለስልጤው ይድረስ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? ክርክራችን አንድ ነው፤ የተናገረው ሰው የተጻፈበትን ያንብብ።

ታዲያ ምን ይሁን? ሮሮ ብቻ ጽፈን ብንሄድ እኛም ከመደርደሪያው አንሻልም። ሦስት ነገር እንላለን።

አንደኛ፣ በአገራችን ሥነ ጽሑፍ፣ ቃል ግጥም፣ ሙዚቃ ወይም የባህል ታሪክ ላይ በእንግሊዝኛ የሚሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ጥናቱ በተደረገበት ቋንቋ ሃያና ሠላሳ ገጽ አጭር ቅጂ ይኑረው። ተማሪው ራሱ ይጻፈው። መጻፍ ካቃተው ጥናቱም አልገባውም ማለት ነው (ይህን የምንለው ከራሳችን ተነሥተን ነው)።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተጻፉት የማስተርስና የዶክትሬት ጥናቶች ከመደርደሪያ ይውረዱ። በየዩኒቨርሲቲው የአማርኛና የሥነ ጽሑፍ ክፍል በእርግጥ አሉ፣ ግሩም ግሩሞቹ ተጠርዘው ተቀምጠዋል። እየተመረጡ በቀላል ሽፋን ይታተሙ፣ የወረቀት ዋጋ ካልፈቀደም በስልክ እንዲነበቡ በነጻ ይለቀቁ። ሆላንዶቹ ያንን ሲጀምሩ እኛ ዳዴ እንል ነበር።

ሦስተኛ፣ ጠያቂ የጠየቀውን ሰው ተመልሶ ያግኘው። “ጋሼ፣ ያሉኝን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፣ ተሳስቼ ይሆን?” ይበል። ይህ በጀት አይጠይቅም። የታክሲ ብቻ ነው።

ወደ ምናለሽ ተራ እንመለስ። መጽሐፉን ልንገዛው ነዋ! “ጋሼ፣ በኪሎ ስንት ነው?” አልናቸው። ግማሽ ኪሎ ቢመዝን ነው ብለን አስልተናል።

ጋሼ ሳቁ። “ቅድም በኪሎ ነበር። አሁን ከሆላንድ የመጣ ነው አላችሁኝ፣ ስለ ሰብለወንጌል የተጻፈ ነው አላችሁኝ፣ እንዴት ብዬ በኪሎ እሸጣለሁ?” ብለው አምስት መቶ ብር ጠሩ። መርካቶ ላይ አፍህን ከከፈትክ ኪስህም ይከፈታል። ተከራክረን በሦስት መቶ ሃምሳ ተስማማን፣ ጋዜጠኝነት ያስተማረን አንዱ ነገር ምንጭን አለማስቀየም ነው።

ስንሰናበት ጓደኛችን ቃል ገባች። ያቺን የመመረቂያ ጽሑፏን በአማርኛ እንደገና ትጽፋታለች። ማጠቃለያዋን ብቻ ሳይሆን ጋሼ ያሉትን፣ ሌሎቹ ያሉትን፣ እሷ የመሰላትን። ለፋሲካ ይዛላቸው ትመጣለች። ይህን እዚህ የጻፍነው በኋላ እንዳታፈገፍግ ነው፣ እናንተም ምስክር ሁኑ። የቀረነውም የየራሳችን የምናውቀው ዕዳ አለብን።

ጋሼ ቃሉን ተቀበሉ፣ ግን ነጋዴ ናቸውና ያለ ውል አልለቀቋትም።

“አምጪው፣ አነበዋለሁ” አሉ። “ካልጣመኝ ግን፣ ልጄ፣ ሚዛኑ እዚሁ ነው።”